የ2012ቱን የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ቼልሲ አሸነፈ ወይስ የግቡ ቋሚና አግዳሚ ሰጡት?

ጉለሌ ሰማያዊ፦
ትናንት እዚሁ «ከአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሁሉ ደካማው የቱ ነው» በሚለው ወሬ መካከል የባርሴሎና ደጋፊው ቲኪ ታካ ገብቶ «የ2012ቱን ዋንጫ የወሰዱት ቋሚና አግዳሚ ናቸው፤ ቼልሲ ያደረገው ነገር ተሸክሞ ወደ ለንደን መመለስ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። ብዙዎቻችሁም ተከትላችሁ አጨበጨባችሁ። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ ዛሬ መልስ እፈልጋለሁ።

በፌብሯሪ 21 ናፖሊ በሜዳው 3 ለ 1 ሲያሸንፈን ሁሉም ሰው አልቆላቸዋል ብሎ ነበር። በማርች 4 አሰልጣኛችን ቪያስ ቦአስ ተባረረ፣ ምክትሉ ዲ ማቴዮ ቡድኑን ተረከበ። በማርች 14 በመልሱ ጨዋታ 4 ለ 1 አሸነፍን። ድሮግባ በጭንቅላት፣ ቴሪ በጭንቅላት፣ ላምፓርድ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ኢቫኖቪች በጭማሪ ሰዓት አገቡ። በሩብ ፍጻሜው ቤንፊካን በሊዝበን 1 ለ 0፣ በለንደን 2 ለ 1 አሸነፍን። በግማሽ ፍጻሜው ባርሴሎናን በደርሶ መልስ 3 ለ 2 አስወጣን። በፍጻሜው ባየርን ሙኒክን በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ደጋፊው ፊት በመለያ ምት ረታን። ቲኪ ታካ፣ በሜዳችን በስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ናፖሊ መረብ ውስጥ አራት ኳስ የከተተው የትኛው ቋሚ ነው? ስሙን ጥራልኝ።

ቲኪ ታካ፦
ወንድሜ፣ ስለ ናፖሊ የተናገረ ሰው የለም። ናፖሊን አሸንፋችኋል፣ አልካድኩም። ሻምፒዮን የሚያሰኘው ግን ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው ነው፣ ስለዚህ እነዚያን ልቁጠርልህ።

በግማሽ ፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ የእኛ የባርሴሎናው አሌክሲስ ሳንቼዝ ገና በጨዋታው መጀመሪያ አግዳሚውን መታ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ፔድሮ ቋሚውን መታ። በመልሱ በሜዳችን በካምፕ ኑ ሜሲ ፍጹም ቅጣት ምት አግዳሚውን መታ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ያው ሜሲ ቋሚውን መታ። በአንድ ግማሽ ፍጻሜ አራት ጊዜ! በፍጻሜው መለያ ምት የባየርኑ የሽቫይንስታይገር ኳስ ቋሚው ላይ ሄደች። ከእነዚህ ከአምስቱ አንዷ ብቻ ወደ ውስጥ ብትገባ ዛሬ ስለዚህ ዋንጫ አናወራም ነበር። ቋሚና አግዳሚ ያልኩት ይህንን ነው፣ ከቃሌም ንቅንቅ አልልም።

ሐኒ ከሐዋሳ፦
ከአምስቱ የመጨረሻዋን አውጣት። የሽቫይንስታይገርን ኳስ ወደ ቋሚው የላካት የፒተር ቼክ እጅ ነው። ምስሉን ቀስ አድርገህ ተመልከት፣ በጣቱ ጫፍ ነክቷታል። ግብ ጠባቂ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ተወርውሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ኳሷን ነክቶ ቋሚ ላይ ሲያሳርፋት ያዳነው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቼክ በዚያች ሌሊት ስድስት ፍጹም ቅጣት ምት ገጠመው፤ አንዱ በጭማሪ ሰዓት የሮበን፣ አምስቱ በመለያ ምት። በስድስቱም ላይ የተወረወረው ኳሷ ወደሄደችበት አቅጣጫ ነው። ሦስቱን አዳነ። የባየርንን መቺዎች አስቀድሞ በቪዲዮ አጥንቶ ነው የመጣው። ይህ ዕድል ከተባለ ሥራ የሚባለው ምኑ ነው?

ቲኪ ታካ፦
እሺ፣ አራት እንበል። አራቱስ?

ጉለሌ ሰማያዊ፦
አራቱም ዒላማቸውን የሳቱ ናቸው! አግዳሚ የመታ ኳስ ስታዲየሙን አልፎ ከወጣ ኳስ በምን ይበልጣል? ሜሲ ከአሥራ አንድ ሜትር ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳይከለክለው፣ ከፊቱ አንድ ሰው ብቻ እያለ ሳተ። የሳተው እርሱ ነው እንጂ አግዳሚው ዝቅ አላለም። ሜሲ እስከዚያን ጊዜ በቼልሲ ላይ አንድም ግብ አልነበረውም፤ የመጀመሪያዋን ለማግባት እስከ 2018 ጠብቋል። በዚያው የውድድር ዓመት ሌቨርኩሰን ላይ በአንድ ጨዋታ አምስት ያገባ፣ በአጠቃላይ በ14 ግብ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነ ሰው እኛ ፊት ሲደርስ ለምን ዝም አለ? ቋሚና አግዳሚ ከዓመት ዓመት ሰማያዊ እየለበሱ ይከተሉታል?

መድፈኛው፦
እኔ የማንም ወገን አይደለሁም፣ ነገር ግን ቁጥር ይነገር። በፍጻሜው ጨዋታ ባየርን 20 የማዕዘን ምት አገኘ። ቼልሲ አንድ። አንድ! አንድ ቡድን መቶ ሃያ ደቂቃ ተጫውቶ አንድ የማዕዘን ምት ካገኘ «ረታን» የሚለውን ቃል ለመጠቀም ትንሽ ማፈር አለበት። ተከላከላችሁ፣ ታገሣችሁ፣ ተረፋችሁ። ይህ ክብር አለው። ነገር ግን የተሻላችሁ ነበራችሁ አትበሉን።

ሐኒ ከሐዋሳ፦
ከዚያች ከአንዷ የማዕዘን ምት ምን እንደተገኘ ለምን አትጨርሰውም? አማካያችን ሁዋን ማታ አሻማ፣ ድሮግባ በ88ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ አገባ። ሃያው ምን አፈራ? ኳስ ጨዋታ የማዕዘን ምት መሰብሰቢያ ከሆነ ዋንጫውን ለባየርን እንመልስላቸው።

አንተ ደግሞ የማንም ወገን አይደለሁም አትበል። አርሰናል በዚያው ዓመት ሚላን ላይ 4 ለ 0 ተሸንፎ ወጥቷል። በመልሱ 3 ለ 0 አሸንፋችሁ አንድ ግብ አጠራችሁ። ቁጭታችሁ ይገባኛል፣ ግን ቁጭት ሚዛን አይሆንም።

መድፈኛው፦
እኛ ከሚላን ጋር ያደረግነው ከእናንተ ጋር ምን ያገናኘዋል? ባለፈ ቁጥር ሁሉ የሌላውን ቁስል መንካት የቼልሲ ደጋፊ ልማድ ነው። እኛ በ2006ቱ ፍጻሜ ፓሪስ ላይ ግብ ጠባቂያችን ሌማን ገና በ18ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ አይቶ፣ በአሥር ሰው፣ በካምፕቤል ግብ ባርሴሎናን እስከ 76ኛው ደቂቃ መርተናል። ኤቶና ቤሌቲ አገቡብን፣ ተሸነፍን። እንዲህ ሆኖም እየተጫወትን ነው የተሸነፍነው። ማንም ሰው ስለዚያ አርሰናል ሲያወራ «አውቶቡስ አቆሙ»፣ ግባቸው ፊት ተሰብስበው ብቻ ተከላከሉ፣ አይልም።

ጉለሌ ሰማያዊ፦
እኛም በአሥር ሰው ነበርን! በካምፕ ኑ ቴሪ በ37ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ካሂል ከዚያ በፊት ተጎድቶ ወጥቶ ነበር። በካምፕ ኑ ሁለቱም የመሀል ተከላካዮቻችን በሌሉበት፣ ኢቫኖቪችና ቦሲንግዋ መሀል፣ ራሚሬስ ቀኝ ተከላካይ፣ ድሮግባ ግራ መስመር ላይ ወርዶ ሲከላከል፣ ባርሴሎና 2 ለ 0 ሲመራ፣ ከላምፓርድ የተቀበላትን ኳስ ራሚሬስ በግብ ጠባቂው በቫልዴስ ራስ ላይ አንጠልጥሎ አገባት። ከዚያች ውብ ግብ በላይ ምን ዓይነት ጨዋታ ትፈልጋለህ? ያቺን ግብ ያገባ ሰው ደግሞ በቢጫ ካርድ ምክንያት ፍጻሜው እንደሚያመልጠው እያወቀ ነው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የሮጠው።

የእናንተና የእኛ ልዩነት አንድ ነው። እናንተ 1 ለ 0 እየመራችሁ ተሸነፋችሁ፣ እኛ 2 ለ 0 እየተመራን አለፍን። ሻምፒዮንስ ሊግን ያሸነፈ የመጀመሪያው የለንደን ክለብ የቱ እንደሆነም ታውቀዋለህ።

መድፈኛው፦
ይሄው፣ እንደጠበቅኩት «የመጀመሪያው የለንደን ክለብ» መጣ። በክርክር ሁሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

የቆየ ተመልካች፦
ልጆቼ፣ ስትጨቃጨቁ አንድ መሠረታዊ ነገር እያለፋችሁ ነው። ይህ የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ሊግ ማን ከሁሉ የተሻለ እንደሆነ ይለያል፣ ሠላሳ ስምንት ጨዋታ አለው፣ ዕድል ራሱ ይደክማል። ጥሎ ማለፍ ግን በተወሰነው ሌሊት ያልወደቀው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቼልሲ በዚያ ዓመት በፕሪሚየር ሊግ ስድስተኛ ነው የወጣው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ደግሞም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1986 ሴቪያ ላይ ስቴዋ ቡካሬስት ከባርሴሎና ጋር ያለ ግብ ጨርሶ በመለያ ምት ሲያሸንፍ ግብ ጠባቂው ዱካዳም የባርሴሎናን አራቱንም ኳሶች አድኗል። በ1991 ቀይ ኮከብ ቤልግሬድ ከማርሴይ ጋር ባሪ ላይ ሆን ብሎ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ መለያ ምት ጠብቆ ነው ዋንጫውን የወሰደው። ዛሬ ስቴዋን ወይም ቀይ ኮከብን ሻምፒዮን አይደላችሁም የሚል አላየሁም። ቼልሲ ላይ ብቻ ለምን እንዲህ ይከረራል? ገንዘቡ ስለሚጠላ ይመስለኛል። የያኔው ባለቤት የአብራሞቪች ሀብት ያስቆጣው ሰው በዕድል ስም ይወቅሳቸዋል።

ቲኪ ታካ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ስለ አብራሞቪች ገንዘብ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ያልኩት ቋሚና አግዳሚ ነው። እርስዎም የጠሯቸው ሁለቱም ምሳሌዎች ሐሳቤን ይደግፋሉ። ሁለቱም ደካሞች ነበሩ፣ ሁለቱም በመለያ ምት ወሰዱ።

የቆየ ተመልካች፦
ቀይ ኮከብ ደካማ ነበር? ፕሮሲኔችኪ፣ ሳቪቼቪች፣ ፓንቼቭ፣ ሚሃይሎቪች የነበሩበት ቡድን ነው የምታወራው። በግማሽ ፍጻሜው ባየርን ሙኒክን ያስወጣው። ልጄ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ያ ቡድን ማጥቃት የሚችል ሆኖ ሳለ በፍጻሜው መከላከልን መረጠ። ጥያቄውም እዚህ ላይ ነው ያለው፤ መከላከልን የመረጠ ቡድን ለምን ከቡድን አይቆጠርም?

ሙኒክ ነዋሪ፦
እስካሁን ዝም ብዬ አነብ ነበር። የምኖረው ሙኒክ ነው፣ የባየርን ደጋፊ ነኝ፣ ይህን ቁስል እዚህ ከተማ ውስጥ ያልያዘ ሰው አላውቅም። «ፍጻሜው በቤታችን» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ያወሩ ሰዎች ናቸው። በሊጉ ዶርትሙንድ ቀድሟቸዋል፣ ከሳምንት በፊት በጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ያው ዶርትሙንድ 5 ለ 2 አሸንፏቸዋል፣ የቀረው ይህ ብቻ ነበር።

እና እኔ የተሸነፍኩት ሰውዬ ቲኪ ታካን እቃወመዋለሁ። ቋሚና አግዳሚ አትበሉብን። ያንን ጨዋታ ያበላሸነው ራሳችን ነን። ጎሜዝ የሳታቸውን ኳሶች አስታውሱ። ሙለር በ83ኛው ደቂቃ አገባ፣ ከተማው ፈነዳ፤ ወዲያው አሰልጣኛችን ሃይንከስ ሙለርን አስወጥቶ ተከላካዩን ቫን ቡይተንን አስገባ። ወደ ኋላ ማፈግፈግ የማያውቅ ቡድን አፈገፈገ። ከደቂቃ በኋላ ድሮግባ አገባ። ከዚያ ደግሞ ጭማሪ ሰዓቱ ሲጀመር ድሮግባ ሪቤሪን ጠልፎ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠን፣ ሮበን ደካማ ኳስ መታ፣ ቼክ ያዛት። ይህን ሁሉ አግኝቶ ያልተጠቀመ ቡድን ዕድል አጣሁ ብሎ ማልቀስ አይችልም።

ቲኪ ታካ፦
አንተ በራስህ ቡድን ላይ ስለተናደድክ እንጂ እንዲህ የምትለው ለቼልሲ ፍቅር ኖሮህ አይደለም።

ሙኒክ ነዋሪ፦
ለቼልሲ ፍቅር የለኝም፣ በፍጹም። ድሮግባ ሪቤሪን የጠለፈበትን መንገድ እስከ ዛሬ አልወደድኩትም፣ ሪቤሪ በዚያ ተጎድቶ ወጣ፣ ኦሊች ገባ፣ ኦሊች ደግሞ በመለያ ምት ሳተ። ግን እውነቱን እናገራለሁ። ሌላም አለ፤ ሁሉም ሰው ቼልሲ ቴሪን፣ ራሚሬስን፣ ኢቫኖቪችንና ሜይሬሌስን በቅጣት ማጣቱን ያነሣል። እኛም አላባን፣ ባድሽቱበርንና ሉዊዝ ጉስታቮን አጥተን ነበር። ይህን የሚጠቅስ የለም። የዩክሬኑ አማካይ ቲሞሽቹክ የመሀል ተከላካይ ሆኖ ነው የተጫወተው።

ጉለሌ ሰማያዊ፦
ይህ ፍትሐዊ ንግግር ነው፣ አከብርሃለሁ። ነገር ግን ራያን በርትራንድን አትርሳ። በሻምፒዮንስ ሊግ አንድም ጨዋታ ያልተጫወተ ልጅ የመጀመሪያ ጨዋታው የፍጻሜ ጨዋታ ሆነ፣ የባየርኖቹ ፊሊፕ ላምና ሮበን ያሉበት መስመር ላይ! ካሂልና ዳቪድ ሉዊዝ ደግሞ ከጡንቻ ጉዳት ገና መመለሳቸው ነበር። ሁለቱም መቶ ሃያውን ደቂቃ ጨረሱ። ሉዊዝ በዚያ እግሩ መለያ ምት መትቶ አገባ። እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን «ተሸክመው ሄዱ» ብሎ ማጠቃለል ነውር ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው፣ ሌላ አይደለም።

አዳማ ቀይ፦
የዩናይትድ ደጋፊ ነኝ፣ ስለዚህ ቼልሲን የምከላከልበት ምክንያት የለኝም። በዚያ ዓመት እኛ ከምድባችን በባዝልና በቤንፊካ ተበልጠን ወጣን፣ ሲቲም በባየርንና በናፖሊ ተበልጦ ወጣ። አርሰናል በሚላን ወጣ። ከእንግሊዝ የቀረው ቼልሲ ብቻ ነበር፣ እርሱም ከምድቡ ያለፈው በመጨረሻው ቀን ቫሌንሲያን 3 ለ 0 አሸንፎ ነው። እኛን ያስወጣውን ቤንፊካን አሸነፈ፣ ሲቲን ያስወጣውን ናፖሊን አሸነፈ። እኛን የጣለንን ቤንፊካ የጣለውን ቡድን ደካማ ካልኩ ራሴን ምን ልል ነው?

ሞስኮንም እናንሣ። እዚያ በ2008ቱ ፍጻሜ ከቼልሲ ጋር በመለያ ምት ቴሪ ተንሸራትቶ ቋሚውን ሲመታ ዋንጫውን እኛ ወሰድን። ያኔ ቋሚና አግዳሚ ሻምፒዮን ሆኑ ያለ ሰው አላስታውስም። ለእኛ ሲሆን የፈርጉሰን ታላቅነት፣ ለእነርሱ ሲሆን ብረት?

ሐኒ ከሐዋሳ፦
አመሰግናለሁ። ከሰዓታት ክርክር በኋላ አንድ ሰው ይህን አነሣው። ቋሚው በ2008 ነስቶናል። ያን ጊዜ እኛ ዋንጫው የኛ ነበር፣ ብረት ቀማን አላልንም። ቴሪ ሳተ አልን፣ አለቀስን፣ ጨረስን።

ቲኪ ታካ፦
እኔ ስለ ዩናይትድም እንዲሁ እላለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ። ነገር ግን ከሐሳቤ እንዳትወስዱኝ። በባርሴሎናው ጨዋታ ላይ ማንም የማያነሣው ነገር ድካም ነው። ኤፕሪል 18 ለንደን፣ ኤፕሪል 21 ከሪያል ማድሪድ ጋር የሊጉን ዕጣ የሚወስን ጨዋታ፣ ኤፕሪል 24 ከቼልሲ ጋር መልስ። በሰባት ቀን ውስጥ ሦስት ትልልቅ ጨዋታ። ያን ክላሲኮ 2 ለ 1 ተሸንፈን፣ ልባችን ተሰብሮ ነው የገባነው። ያው ሳምንት ሳያልቅ ጓርዲዮላ እንደሚለቅ አስታወቀ። ያ ቡድን የደከመ ቡድን ነበር።

ሐኒ ከሐዋሳ፦
ቼልሲ ኤፕሪል 21 የት ነበር? ኤምሬትስ ላይ ከአርሰናል ጋር፣ 0 ለ 0። ከዚያ በፊት ኤፕሪል 15 በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ከቶተንሃም ጋር። ከእናንተ አንድ ጨዋታ እንኳ የቀለለን የለም። ደግሞ ትናንት ቋሚና አግዳሚ ነበር ምክንያቱ፣ ዛሬ ድካም ሆነ። ነገ ሣሩ ሊሆን ነው?

ስፐርስ ብቻዬን፦
ቶተንሃም ተጠርቷልና እናገራለሁ። በዚያ የኤፕሪል 15 ጨዋታ ዳኛው ለማታ ያጸደቁት ሁለተኛው ግብ መስመሩን አላለፈም። ኳሷ በሰው ክምር ላይ ቆማ ነበር። 5 ለ 1 ስላለቀ ሁሉም ረሳው፣ እኔ ግን 2 ለ 0 የሆነው በሌለ ግብ መሆኑን አልረሳም።

ትልቁ በደል ግን እርሱ አይደለም። እኛ በ69 ነጥብ አራተኛ ወጣን። ቼልሲ በ64 ነጥብ ስድስተኛ ወጣ። ድሮግባ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያገባ የእኛ የሻምፒዮንስ ሊግ ቦታ ተወስዶ ለእነርሱ ተሰጠ፣ እኛ ወደ ዩሮፓ ሊግ ተላክን። እናንተ ስለ ብረት ትጨቃጨቃላችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ያጣው ሌላ ክለብ ነው። በዚያ ክረምት አሰልጣኛችን ሬድናፕም ለቀቀ።

መድፈኛው፦
ደንቡ ከውድድሩ በፊት የታወቀ ነው። በ2005 ሊቨርፑል በሊጉ አምስተኛ ሆኖ ሻምፒዮን ሲሆን ዩኤፋ በልዩ ፈቃድ አስገባው፣ ኤቨርተንም አራተኛ ቦታውን አላጣም። ከዚያ በኋላ ግን ከአንድ አገር ከአራት በላይ አይገባም፣ ሻምፒዮኑ ከአራቱ ውጭ ከሆነ አራተኛው ይወጣል ተብሎ ተደነገገ። እኛ ሦስተኛ በ70 ነጥብ ወጣን፣ ማንም አልነካንም። አንድ ነጥብ ብትጨምሩ፣ ሁለት ብትጨምሩ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም ነበር።

ስፐርስ ብቻዬን፦
ደንብ መሆኑን ማን ካደ? ፍትሕ ነው ወይ ነው ጥያቄዬ። በኋላ ራሳቸው ደንቡን ለውጠው አምስት ክለብ እንዲገባ ፈቀዱ። ትክክል ቢሆን ኖሮ ለምን ይለወጥ ነበር? በእኛ ላይ ብቻ ተፈጽሞ የቀረ ደንብ ነው።

መድፈኛው፦
ደንብ ስለተለወጠ የቀድሞው ግፍ ነበር ማለት አይደለም። ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ያልፋል የሚለው ደንብም እኮ በ2021 ተሽሯል። በእርሱ ያለፉትን ሁሉ እናስመልስ?

ሙኒክ ነዋሪ፦
ይህን ክርክር ወደ ቶተንሃም አትውሰዱት እባካችሁ።

የቆየ ተመልካች፦
የቶተንሃሙ ልጅ ያነሣው ግን ከብረቱ ክርክር ይበልጣል። የሊጉን አራተኛ ቦታ የሚያህል የዓመት ሥራ በአንድ መለያ ምት መሰረዙ ሁለቱን ውድድሮች ማደባለቅ ነው። ሊግ በሊግነቱ፣ ጥሎ ማለፍ በጥሎ ማለፍነቱ ይሸለም። ሻምፒዮኑ ይግባ፣ አራተኛውም ይግባ። በ2005 የተደረገው ትክክል ነበር፣ በ2012 የተደረገው ስሕተት ነበር። በዚህ ላይ ከስፐርስ ጋር እቆማለሁ።

ጉለሌ ሰማያዊ፦
ጋሼ፣ እርስዎም? ቦታው ለሻምፒዮኑ ይገባ ነበር እኮ፣ በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን ማን ይከላከል?

ስፐርስ ብቻዬን፦
በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን እንዴት እንደተከላከላችሁ እናውቃለን። ዋንጫውን ይዞ ከምድብ የወጣ የመጀመሪያው ክለብ ሆናችሁ። ዩቬንቱስ 3 ለ 0 ሲያሸንፋችሁ ዲ ማቴዮን በኖቬምበር 21 አባረራችሁት። ስድስት ወር ብቻ! የአውሮፓን ዋንጫ ያመጣላችሁን ሰው! ሥራው ትልቅ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ለምን እንዲህ አደረጋችሁ? ክለባችሁ ራሱ ዕድል ነው ብሎ ያመነ አይመስልም?

ቲኪ ታካ፦
ይህን መልሱልኝ። እኔ ካልኩት ሁሉ የከበደው ይህ ነው። የቼልሲ ባለቤት ራሱ ያላመነበትን ዋንጫ እኔ እንዴት ልመንበት?

ሐኒ ከሐዋሳ፦
የአብራሞቪች ውሳኔ የድሮግባን ግብ አይሽርም። ባለቤቱ ስንት አሰልጣኝ እንዳባረረ ታውቃላችሁ፣ ሊጉን ያሸነፈውን አንቼሎቲንም አባሯል። የ2010ሩ ዋንጫም ዕድል ነበር ልትሉ ነው? የዲ ማቴዮ መባረር በደል ነው፣ እኔም ተቃውሜዋለሁ፤ ግን በደሉ በእርሱ ላይ የተፈጸመ እንጂ የሥራው ማፍረሻ አይደለም። ከሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ወጥተንም በዚያው ዓመት ዩሮፓ ሊግን ወስደናል፣ ይህን አልጨረሳችሁትም።

አዳማ ቀይ፦
ሐኒ ልክ ናት። ቲኪ ታካ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ባርሴሎና በካምፕ ኑ 2 ለ 0 እየመራ፣ በአንድ ሰው እየበለጠ፣ በራሱ ደጋፊ ፊት፣ ሌላ አንድ ግብ ያጣው በብረት ነው ወይስ ሐሳብ አልቆበት? አንድ ዓይነት ቅብብል፣ ወደ መሀል፣ ወደ መሀል፣ እንደገና ወደ መሀል። ስምንት ሰማያዊ ልብስ ባለበት ቦታ መሀል ለመሀል መግባት ብቻ ነበር የሚሞክሩት።

ቲኪ ታካ፦
ሦስት ዓመት ሙሉ ዓለምን ያንበረከከ አጨዋወት ነው። በአንድ ሌሊት አይለወጥም። በ2009 በዚሁ አጨዋወት ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ በኢንዬስታ ግብ አስወጥተናችኋል፣ ያኔም እኛ ነን በአሥር ሰው የነበርነው፣ አቢዳል ወጥቶ።

ጉለሌ ሰማያዊ፦
2009ን አንተ አነሣኸው! እኔ ልተወው ብዬ ነበር። ፒኬ በእጁ የነካት ኳስ፣ ኤቶ በእጁ የነካት ኳስ፣ ድሮግባ የተጎተተበት፣ ማሉዳ የተጠለፈበት፣ አንዱም ፍጹም ቅጣት ምት አልተሰጠም። ዳኛው ኦቭሬቦ አንድ እንኳ ቢሰጠን ኢንዬስታ በ93ኛው ደቂቃ የመታት ኳስ ምንም አትለውጥም ነበር። እናንተ በዚያ ጨዋታ አልፋችሁ ሮም ላይ ዋንጫ ወሰዳችሁ፣ ታላቁ ቡድን ተባላችሁ። ያንን ዋንጫ ማን ሰጣችሁ?

ቲኪ ታካ፦
አቢዳል ያለ ጥፋት ቀይ ካርድ ማየቱን ለምን አትጨምረውም? ዳኛው ለእኛ አዳልቶ ቢሆን ኖሮ አቢዳልን ያስወጣ ነበር?

ጉለሌ ሰማያዊ፦
የአቢዳል ካርድ ስሕተት ነው፣ እስማማለሁ። አንድ ስሕተት ለእኛ፣ አራት ስሕተት ለእናንተ። የፒኬንና የኤቶን ምስል ጎን ለጎን አድርጌ ነገ እዚህ አስቀምጣለሁ፣ አንተም የአቢዳልን አምጣ። በአራቱም ላይ በየተራ ትመልስልኛለህ፤ ጋሼ ደግሞ ይመልከቱልን።

የቆየ ተመልካች፦
እመለከታለሁ። የኤቶው ኳስ ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ ባላክ ከመታው በኋላ ስለሆነ የባላክንም ሩጫ አብራችሁ አምጡ፤ ዳኛውን ተከትሎ እስከ መሀል ሜዳ የሮጠበትን።